የዩኒቨርሲቲ የሳይንስ ጉብኝት በትምህርት ቤት፦ ከመጀመሪያው ስልክ እስከ ሁለተኛው ጉብኝት

አንድ ማይክሮስኮፕ ይዞ 60 ተማሪዎች ወዳሉበት ክፍል የሚገባ የዩኒቨርሲቲ ቡድን፣ ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ከሆነ፣ ለእያንዳንዱ ተማሪ የሚያደርሰው 40 ሰከንድ ነው። ከዚህ ላይ የሰላምታው፣ የማብራሪያውና የሰልፉ ጊዜ ሲቀነስ አንድ ልጅ ዓይኑን ሌንሱ ላይ ጣል አድርጎ የራሱን ሽፋሽፍት አይቶ ይመለሳል። ስሌቱ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ከጉዞ በፊት ቁጭ ብሎ የሚያሰላው ሰው ጥቂት በመሆኑ ይኸው ስህተት ይደጋገማል።

ይህ መመሪያ የተጻፈው ለትምህርት ቤቶችና ለአካባቢው ማኅበረሰብ የሳይንስ ጉብኝት ለማዘጋጀት ተነሥተው ለተቸገሩ፣ ወይም አንድ ጊዜ ሞክረው ላልተሳካላቸው የዩኒቨርሲቲ መምህራን፣ የቤተ ሙከራ ባለሙያዎችና ተማሪዎች ነው። ቅደም ተከተሉን እንዳለ ተከተሉ። በተለይ ደረጃ 2ንና ደረጃ 4ን «ጊዜ የለንም» ብላችሁ አትዝለሉ፤ ካየኋቸው ብልሽቶች አብዛኞቹ የመነጩት ከእነዚህ ከሁለቱ ነው።

ደረጃ 1፦ አንድ ጥያቄ ምረጡ (ከጉብኝቱ ስድስት ሳምንት በፊት)

የምትሄዱበትን ርዕስ በአንድ የጥያቄ ዓረፍተ ነገር ጻፉት። «ፊዚክስን ማስተዋወቅ» ጥያቄ አይደለም፤ «የሚወዛወዝ ነገር ፍጥነቱ የሚወሰነው በክብደቱ ነው ወይስ በክሩ ርዝመት?» ግን ጥያቄ ነው። ጥያቄው ጥሩ መሆኑን በሦስት ነገር ፈትኑት፦ ተማሪዎች ከሙከራው በፊት የተለያየ ግምት ሊሰጡበት የሚችሉ መሆን አለበት፤ መልሱ በመለካት ወይም በመቁጠር የሚገኝ መሆን አለበት፤ መለካቱም በአንድ ክፍለ ጊዜ ውስጥ በተማሪዎቹ በራሳቸው እጅ የሚያልቅ መሆን አለበት። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ሌላ ጥያቄ ፈልጉ።

የትምህርት ክፍላችሁ አምስት የምርምር ሥራዎች ካሉት አምስቱንም ለማሳየት ግፊት መምጣቱ አይቀርም። ይህን እምቢ በሉ። ለአምስት ሥራ የተከፋፈለ 40 ደቂቃ ለአንዱ ስምንት ደቂቃ ብቻ ይሰጣል፤ በስምንት ደቂቃ ደግሞ አንድ ተማሪ ዕቃውን ነክቶ፣ ተሳስቶ፣ እንደገና ሊሞክር አይችልም። ውሳኔው የክፍል ኃላፊውን ላያስደስት ስለሚችል ስሌቱን በወረቀት አድርጋችሁ አቅርቡለት።

ደረጃ 2፦ ትምህርት ቤቱን ከመምህሩ ጋር ሆናችሁ እዩ (ከአምስት ሳምንት በፊት)

ለርዕሰ መምህሩ ደብዳቤ መጻፍ ፈቃድ ያስገኛል፤ ጉብኝቱን የሚያሳካው ግን የክፍሉ የሳይንስ መምህር ነው። ስለዚህ ፈቃዱ እንደተገኘ ከመምህሩ ጋር በአካል ተገናኙና የሚከተሉትን እዚያው ክፍሉ ውስጥ ቆማችሁ ጠይቁ፣ መዝግቡም።

1. በመዝገብ ያሉትን ሳይሆን በአንድ ተራ ቀን ክፍል የሚገኙትን ተማሪዎች ቁጥር።
2. የክፍለ ጊዜውን ትክክለኛ ርዝመት፣ ከእርሱ በፊትና በኋላ ያለውን ትምህርትም።
3. የፈተናና የበዓል ቀናትን።
4. ተማሪዎቹ በመማሪያ መጽሐፋቸው የት ምዕራፍ ላይ እንደደረሱ።
5. ሶኬት፣ ውኃና መስኮት መኖሩን፣ በሩም ወደ የት እንደሚከፈት።
6. የጠረጴዛውን ቁመት፣ በሜትር ለክታችሁ። ይህ ለምን እንደሚያስፈልግ ደረጃ 4 ላይ ታገኙታላችሁ።
7. የማየት፣ የመስማት ወይም የመንቀሳቀስ ችግር ያለባቸው፣ እንዲሁም አለርጂ ያለባቸው ተማሪዎች መኖራቸውን። የፊኛ ላቴክስ ብቻ የሚያሳብጠው ልጅ ሊኖር ይችላል።

ከዚህ ቀጥሎ ስለ ቃላት ተነጋገሩ። «ኃይል» የሚለው ቃል በዕለት ተዕለት ንግግር ጉልበትንም፣ ሥልጣንንም፣ ኤሌክትሪክንም ይይዛል፤ ፊዚክስ ግን እነዚህን ይለያያቸዋል። «ክብደት» በገበያ ቋንቋ አንድ ነገር ነው፤ በፊዚክስ ክብደትና መጠነ ቁስ ሁለት ናቸው። መማሪያ መጽሐፉ የትኛውን ቃል ለየትኛው ጽንሰ ሐሳብ እንደተጠቀመ ከመምህሩ ተረዱና በእርሱ ጽኑ። የእናንተ ረዳት አንዱን ቃል፣ መጽሐፉ ሌላውን የሚል ከሆነ ተማሪው የሚጠራጠረው ራሱን ነው።

ትምህርት ቤቶች እንግዳ ሲመጣ ጎበዝ የተባሉትን ተማሪዎች ከየክፍሉ መርጠው መደርደር ይቀናቸዋል። በትሕትና ግን ቁርጥ አድርጋችሁ አንድን ሙሉ ክፍል እንዳለ እንዲሰጧችሁ ጠይቁ። የተመረጡት ልጆች ያለ እናንተም ሳይንስ ያነባሉ።

ማስጠንቀቂያ፦ ፎቶግራፍ የምታነሡ ከሆነ የወላጆች የጽሑፍ ፈቃድ በትምህርት ቤቱ በኩል አስቀድሞ ይሰብሰብ። ከቡድናችሁ ማንም ሰው ከአንድ ተማሪ ጋር ብቻውን በተዘጋ ክፍል አይቆይ፣ የስልክ ቁጥርም ከተማሪ ጋር አይለዋወጥ። ይህን ለረዳቶቻችሁ በቃል ብቻ አትንገሩ፤ በጽሑፍ ስጧቸው፣ አስፈርሟቸውም።

ቀኑን ከቆረጣችሁ በኋላ አንድ ሳምንት ሲቀርና እንደገና በዋዜማው ደውላችሁ አረጋግጡ። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ይህን ሳላደርግ ዕቃ የሞላ መኪና ይዤ ደርሼ ግቢው ጸጥ ብሎ አገኘሁት፤ የፈተና ፕሮግራሙ በሦስት ቀን ተገፍቶ ኖሮ ልጆቹ አንገታቸውን ደፍተው ይጽፋሉ። ጥፋቱ የትምህርት ቤቱ አልነበረም፤ ማንም ያልጠየቃቸውን ነገር ለማን ይናገሩ?

ደረጃ 3፦ ሙከራውን ምረጡ፣ አደገኛውን አስቀሩ (ከአራት ሳምንት በፊት)

መነሻ ሕጉ አንድ ነው፦ ለእያንዳንዱ አራት ተማሪ አንድ ሙሉ ዕቃ ማቅረብ የማትችሉበትን ሙከራ አትምረጡ። 48 ተማሪዎች ካሉ 12 ስብስብ ያስፈልጋል፣ ለብልሽት ደግሞ ሁለት መጠባበቂያ። ዕቃው ውድ ከሆነ 14 ማዘጋጀት አትችሉም፤ ስለዚህ ውድ ዕቃ የሚጠይቀው ሙከራ በራሱ ይወድቃል።

የሚከተሉትን ወደ ትምህርት ቤት አትውሰዱ።

ሜታኖል (በቀላሉ የሚቀጣጠል የአልኮል ዓይነት) እና ባለቀለም ነበልባል። የአሜሪካ የኬሚካል ደኅንነት ቦርድ እ.ኤ.አ. በ2014 ይህን የመሰሉ የክፍል ሠርቶ ማሳያዎች ተማሪዎችን እንዴት እንዳቃጠሉ ገልጾ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። የሜታኖል ነበልባል በቀን ብርሃን አይታይም ለማለት የሚያስደፍር ነው፤ የጠፋ መስሎት ከጠርሙሱ የሚጨምር ሰው እሳቱን ወደ ጠርሙሱ ይጠራዋል፣ ከዚያም ነበልባሉ ፊት ለፊት ወደተቀመጡት ይወነጨፋል።

ፈሳሽ ናይትሮጅንና ደረቅ በረዶ (የጠጠረ ካርቦን ዳይኦክሳይድ)። ፈሳሽ ናይትሮጅን የሚፈላው በ−196 ዲግሪ ሴልሲየስ ሲሆን አንድ ሊትሩ ወደ 700 ሊትር ገደማ ጋዝ ይሆናል፤ መስኮቱ በተዘጋ መኪና ወይም ክፍል ውስጥ ኦክስጅንን ያስወጣል። ደረቅ በረዶ በተከደነ ጠርሙስ ውስጥ ከተቀመጠ ጠርሙሱን ያፈነዳዋል። ሁለቱም በዩኒቨርሲቲው ቤተ ሙከራ፣ በሠለጠነ ሰው እጅ ይቆዩ።

የሜርኩሪ ቴርሞሜትር፣ ኃይለኛ ሌዘር፣ በተማሪ እጅ ተነክቶ ባክቴሪያ ያደገበት ክፍት ሳህን። ሌዘር የግድ ካስፈለገ ጉልበቱ ከ1 ሚሊዋት የማይበልጠውን ብቻ ያዙ።

ፀሐይን በባዶ ዓይን፣ በቴሌስኮፕ ወይም በተጠቆረ መስታወት መመልከት። በቀዳዳ ካርቶን የፀሐይን ምስል ወረቀት ላይ ማሳረፍ ተመሳሳዩን ትምህርት ያለ አደጋ ይሰጣል፤ ተማሪዎቹ ጀርባቸውን ለፀሐይ ሰጥተው ወረቀቱን ብቻ ይመልከቱ።

ስለ አሲድና ቤዝ አንድ ነገር ላክል፤ ምክንያቱም ሙከራው ተወዳጅ ነው። የቀይ ጥቅል ጎመን ጭማቂ በአሲድ ወደ ቀይ፣ በቤዝ ወደ አረንጓዴ ይለወጣል፣ ዕቃውም ርካሽ ነው። አደጋው የሚመጣው ተማሪዎች «ከቤታችሁ ፈሳሽ አምጡ» ሲባሉ ነው፦ አንዱ በረኪና ያመጣል፣ ሌላው ኮምጣጤ፣ ሦስተኛው ሁለቱን ያቀላቅላል፤ የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ ሳንባን ይጎዳል። ስለዚህ የሚፈተኑትን ፈሳሾች ሁሉ እናንተ ይዛችሁ ሂዱ፣ በረኪናን ከዝርዝሩ አውጡ። ጭማቂውን ደግሞ በዋዜማው አዘጋጁት፤ ጥቂት ቀን ካደረ ይበላሻል፣ ሽታውም ክፍሉን ያስለቅቃል።

የምታውቁትን ማብራሪያም ፈትሹ። በውኃ ሳህን ላይ የቆመ ሻማ ብርጭቆ ሲደፋበት ውኃው ወደ ላይ የሚወጣው «ሻማው ኦክስጅኑን ስለጨረሰ ነው» የሚለው ማብራሪያ በብዙ ክፍል ይነገራል፣ ስህተትም ነው። ነበልባሉ የብርጭቆውን አየር ያሞቀዋል፣ የሰፋው አየር ከፊሉ በብርጭቆው ከንፈር ሥር አረፋ እየሠራ ይወጣል፤ ሻማው ሲጠፋ የቀረው አየር ቀዝቅዞ ሲኮማተር የውጭው ግፊት ውኃውን ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ውኃው ፈጥኖ የሚወጣው ሻማው በሚነድበት ጊዜ ሳይሆን ከጠፋ በኋላ መሆኑን ልብ ያለ ተማሪ ጥያቄ ቢያነሣ ምን ትመልሱለታላችሁ?

ደረጃ 4፦ ሙከራውን በትምህርት ቤቱ ሁኔታ ሞክሩት (ከሦስት ሳምንት በፊት)

ከዚህ በታች ፔንዱለምን፣ ማለትም በክር ተንጠልጥሎ የሚወዛወዝ ክብደትን፣ እንደ ምሳሌ ወስጄ እስከ መጨረሻው እሄዳለሁ፤ የመረጣችሁትን ሙከራ በዚሁ ጥልቀት መርምሩት። ለአንድ ቡድን የሚያስፈልገው አንድ ሜትር የማይለጠጥ ክር፣ ሦስት እኩል የብረት ዳዶ፣ እርሳስ፣ ፕላስተር፣ ማስመሪያና ስቶፕ ዎች ያለው ስልክ ብቻ ነው።

አሠራሩ

1. እርሳሱን ጫፉ ከጠረጴዛው ጠርዝ እንዲወጣ አድርጋችሁ በፕላስተር አጥብቁ።
2. ክሩን በእርሳሱ ጫፍ ላይ አሥራችሁ ከታች አንድ ዳዶ አንጠልጥሉ።
3. ርዝመቱን ከእርሳሱ እስከ ዳዶው መካከል ለኩ፤ እስከ ዳዶው ራስ አይደለም።
4. ዳዶውን በጥቂት ሳንቲሜትር ብቻ ወደ ጎን ስባችሁ ሳትገፉ ልቀቁ።
5. አሥር ሙሉ ውዝዋዜ የፈጀውን ጊዜ መዝግቡ። ሙሉ ውዝዋዜ ማለት ሄዶ መመለስ ነው።
6. በ15፣ በ30ና በ60 ሳንቲሜትር ድገሙት፤ ከዚያ ርዝመቱን ሳትለውጡ ሁለት፣ ቀጥሎም ሦስት ዳዶ አንጠልጥሉ።

በ15 ሳንቲሜትር 7.8 ሰከንድ፣ በ30 ሳንቲሜትር 11.0 ሰከንድ፣ በ60 ሳንቲሜትር 15.5 ሰከንድ ያህል ማግኘት አለባችሁ። ርዝመቱ አራት እጥፍ ሲሆን ጊዜው ሁለት እጥፍ ብቻ ይሆናል፤ ዳዶ መጨመር ግን ጊዜውን አይለውጠውም። ብዙ መጻሕፍት የሚያዝዙት አንድ ሜትር ርዝመት ነው፤ የክፍሉ ጠረጴዛ ግን 70 ሳንቲሜትር አካባቢ ከሆነ ዳዶው ወለል ላይ ይጎተታል። የጠረጴዛውን ቁመት ያስለካኋችሁ ለዚህ ነው።

ቁጥሩ ሲሳሳት ምክንያቱን እንዴት ታውቃላችሁ?

በ30 ሳንቲሜትር 9.9 ሰከንድ ያገኘ ቡድን ዳዶውን ሲለቅ «አንድ» ብሎ ቆጥሯል፤ የለካው ዘጠኝ ውዝዋዜ ነው። ሲለቁ «ዜሮ» እንዲሉ አድርጉ። በዚያው ርዝመት 11.8 አካባቢ ያገኘ ቡድን ዳዶውን እስከ 60 ዲግሪ ድረስ ከፍ አድርጎ ለቆታል፤ ስፋቱ ሲበዛ ጊዜው 7 በመቶ ያህል ይረዝማል። ልኬቱ በየጊዜው ወዲያና ወዲህ የሚዘል ከሆነ ክሩ እርሳሱ ላይ እየተንሸራተተ ነው፤ ቋጠሮውን በፕላስተር ያዙት።

ከሁሉ የሚከፋው ወጥመድ ዳዶዎቹን አንዱን ከሌላው ሥር በሰንሰለት መልክ ማሠር ነው። የመጀመሪያ ሙከራዬ ላይ አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ «ክብደት ሲጨምር ይዘገያል» ስትል አልተቀበልኳትም፤ ወረቀቷን ሳይ ግን በሦስት ዳዶ 8.3 ሰከንድ፣ በአንድ ዳዶ 7.8 ሰከንድ ተጽፏል፣ ደግማ ብትለካም ያው ሆነ። ጠረጴዛዋ ሥር ስንበረከክ ሦስቱ ዳዶዎች ከላይ ወደ ታች ተሰድረው አየሁ። የክብደቱ መካከል ሁለት ሳንቲሜትር ያህል ወርዷል፤ የፔንዱለሙ ርዝመት 15 ሳይሆን 17 ሆኗል። ልጅቷ በትክክል ለክታለች፤ የተሳሳተው የእኔ የመመሪያ ወረቀት ነበር፣ «ሁለት ዳዶ ጨምሩ» ብቻ ይላልና። ዳዶዎቹ ጎን ለጎን፣ በአንድ ቋጠሮ ይታሠሩ።

ይህን የመሰለውን ወጥመድ ሁሉ የምታገኙት ሙከራውን ከትምህርታችሁ ውጭ ባሉ ሰዎች ስታስሞክሩ ነው። ሳይንስ ያላጠኑ አራት ሰዎችን ሰብስቡ፣ የመመሪያ ወረቀቱን ስጧቸውና ዝም ብላችሁ ተመልከቱ። አንድ ቃል እንኳ ብትናገሩ ፈተናው ይበላሻል። የቆሙበትን፣ የጠየቁበትን፣ የተሳሳቱበትን ቦታ እየመዘገባችሁ ወረቀቱን አስተካክሉ፤ ከዚያ በሌሎች አራት ሰዎች ድገሙት።

ደረጃ 5፦ ረዳቶችን አሠልጥኑ (ከሁለት ሳምንት በፊት)

ለሁለት የተማሪ ቡድን አንድ ረዳት መድቡ። ለ12 ቡድን ስድስት ረዳት በቂ ነው፤ ከዚያ ከበዙ እርስ በርስ ያወራሉ። ከሴትም ከወንድም እንዲኖሩበት ጥንቃቄ አድርጉ። ዴቪድ ቻምበርስ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተመው ጥናት 4,807 ሕፃናት የሳይንቲስት ሥዕል እንዲሥሉ ተጠይቀው ሴት ሳይንቲስት የሣሉት 28 ብቻ ነበሩ፣ 28ቱም ሴት ልጆች ናቸው። በር ከፍቶ የሚገባው ሰው ማን እንደሆነ ልጆቹ ያያሉ።

በሥልጠናው ላይ ሁለት ልማዶችን አጥፉ። የመጀመሪያው እጅ ነው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ልጅ ሲቸገር ሲያይ ክሩን ቀምቶ «እንዲህ ነው» ይላል፤ ከዚያ በኋላ ልጁ ተመልካች ይሆናል። ረዳቶቹ ከቡድን ጋር በሚሆኑበት ጊዜ ሁሉ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው እንዲቆሙ እዘዟቸው። ነገሩ ያስቃል፤ ግን ይሠራል።

ሁለተኛው ችኮላ ነው። ሜሪ ባድ ሮው የተባለች የትምህርት ተመራማሪ በክፍል ውስጥ ባደረገችው ምርምር መምህራን ጥያቄ ጠይቀው መልስ የሚጠብቁት በአማካይ አንድ ሰከንድ ያህል መሆኑን፣ ይህ ወደ ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲረዝም ግን የተማሪዎቹ መልስ እንደሚረዝምና ብዙ ተማሪ እንደሚሳተፍ አሳይታለች። ረዳቶቹን ሁለት ሁለት አድርጋችሁ አንዱ ይጠይቅ፣ ሌላው በጣቱ ሦስት ይቁጠር። ሦስት ሰከንድ ዝምታ ምን ያህል እንደሚከብድ የሚያውቁት ያን ጊዜ ነው።

ደረጃ 6፦ ዕቃውን አሽጉ (ሁለት ቀን ሲቀር)

የየቡድኑን ዕቃ በየራሱ ከረጢት አድርጉ፣ በላዩም የይዘቱን ዝርዝር ለጥፉ። ክሩን አስቀድማችሁ ቁረጡት፤ 12 ቡድን በሁለት መቀስ ክር ሲቆርጥ አሥር ደቂቃ ያልፋል። ፕሮጀክተር ብትይዙም ያለ መብራት የሚሠራ ዕቅድ ይኑራችሁ፦ ሰንጠረዡን በትልቅ ወረቀት ላይ አስቀድማችሁ አስምሩ፣ ጠመኔና ማርከር ያዙ። የመጀመሪያ ዕርዳታ ሳጥን፣ የቆሻሻ መሰብሰቢያና የእጅ ሰዓት ከላይ ይሁኑ።

ደረጃ 7፦ የጉብኝቱ ቀን፣ በ40 ደቂቃ

ከክፍለ ጊዜው 45 ደቂቃ ቀድማችሁ ድረሱ፣ ጠረጴዛዎቹን በአራት በአራት አስተካክሉ።

0–3 ደቂቃ፦ መምህሩ ያስተዋውቃችሁ። የዩኒቨርሲቲውን ታሪክ አትናገሩ።

3–8 ደቂቃ፦ ጥያቄውን አቅርቡ፣ እያንዳንዱ ተማሪ ግምቱን በወረቀት ይጻፍ። እጅ ከማስወጣት በፊት ማስጻፍ የግድ ነው፤ ያልጻፈ ልጅ ጎበዙ ወዳነሣው ወገን እጁን ያነሣል።

8–13 ደቂቃ፦ አሠራሩን አንድ ጊዜ ብቻ አሳዩ። ውጤቱን ግን አትለኩ፤ ዳዶውን ይዛችሁ «ዜሮ» ብላችሁ ልቀቁና ሦስተኛው ላይ አቁሙ።

13–28 ደቂቃ፦ ተማሪዎቹ ይለኩ። አንዱ ይልቀቅ፣ አንዱ ይቁጠር፣ አንዱ ሰዓት ይያዝ፣ አንዱ ይመዝግብ፤ በየልኬቱም ሥራ ይለዋወጡ። ካልተለዋወጡ ደፋሩ ልጅ ሰዓቱን፣ ዝምተኛዋ እርሳሱን ይዘው እንደያዙ ክፍለ ጊዜው ያልቃል።

28–36 ደቂቃ፦ እያንዳንዱ ቡድን ቁጥሩን ሰሌዳው ላይ ይጻፍ። አንድ ቡድን ከሌሎቹ የራቀ ቁጥር ካመጣ አታጥፉት፣ አትሳቁበትም፤ ያ ቡድን በሁሉም ፊት እንዲደግመው አድርጉና የት እንደተለየ ክፍሉ ይፈልግ። የጉብኝቱ ዋና ደቂቃዎች እነዚህ ናቸው። ጊዜ ካጠራችሁ ከማሳያው ቀንሱ፣ ከዚህ ግን አትቀንሱ።

36–40 ደቂቃ፦ ተማሪዎቹ መጀመሪያ የጻፉትን ግምት ከውጤቱ ጋር ያነጻጽሩ፣ አንድ አዲስ ጥያቄም ጽፈው ይስጧችሁ።

ሲበላሽ

ከተነገራችሁ ቁጥር እጥፍ ተማሪ ከተገኘ ስምንት ልጅ በአንድ ዕቃ አታጨናንቁ። ግማሹ ክፍል ሲለካ ግማሹ ግምቱን ጽፎ የራሱን ሙከራ በወረቀት ይንደፍ፣ ከ10 ደቂቃ በኋላ ይለዋወጡ።

ክፍሉ ዝም ካለ ለመላው ክፍል መጠየቃችሁን አቁሙ። «ከጎንህ ላለው ንገረው» በሏቸው፣ ከአንድ ደቂቃ በኋላ ጎረቤቱ ያለውን ጠይቁ። የሌላን ሰው ሐሳብ መናገር ከራስ ሐሳብ ይቀላል።

መልሱን የማታውቁት ጥያቄ ከተነሣ «አላውቅም» በሉና ጥያቄውን ከተማሪው ክፍል ጋር መዝግቡት፤ መልሱን በሁለት ሳምንት ውስጥ ለመምህሩ በጽሑፍ ላኩ። ካልላካችሁ ግን ያ «አላውቅም» ማምለጫ ይሆናል።

መምህሩ በተማሪዎቹ ፊት የተሳሳተ ነገር ከተናገረ እዚያው አታርሙት። «ይህን በልኬት እንየው» በሉና ሙከራው ያርመው፤ ከክፍል ውጭ ለብቻ ተነጋገሩ።

ጉዳት ከደረሰ ሙከራውን በመላው ክፍል አቁሙ፣ ጉዳተኛውን ለትምህርት ቤቱ ኃላፊ አስረክቡ፣ የሆነውን በዚያው ቀን ጽፋችሁ ለሁለቱም ወገን ስጡ።

ደረጃ 8፦ ለአዋቂዎች በምትሄዱበት ጊዜ

ማኅበረሰቡን ወደ አዳራሻችሁ አትጥሩት፤ እርሱ በሚሰበሰብበት ቦታና ሰዓት ተገኙ። ጥያቄውም ከእነርሱ ይምጣ። ብዙ ጊዜ የሚመጣው ስለ ውኃ ነው፣ በዚህም ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ ናሙና ወስዶ ውጤቱን ሳይመልስ የጠፋ ቡድን ቀጥሎ ለሚመጣው ሁሉ በሩን ይዘጋል።

ናሙና ከመውሰዳችሁ በፊት ውጤቱ የሚመለስበትን ቀን በይፋ ተናገሩ፣ ውጤቱ መጥፎ ከሆነ ርምጃ ከሚወስደው የውኃ ወይም የጤና አካልም ጋር አስቀድማችሁ ተስማሙ። ለባክቴሪያ ምርመራ የሚሆነውን ናሙና በንጹሕ፣ በተቀቀለ ዕቃ ቀድታችሁ በበረዶ ውስጥ አድርጉ፤ 24 ሰዓት ሳይሞላውም ቤተ ሙከራ ይድረስ። ውጤቱን ከማንም በፊት ለውኃው ባለቤቶች ንገሩ።

ቁጥሩን ከትርጉሙ ጋር ስጡ። በዓለም የጤና ድርጅት መመሪያ መሠረት በ100 ሚሊ ሊትር የመጠጥ ውኃ ውስጥ ኢ. ኮላይ (ውኃው በዓይነ ምድር መበከሉን የሚያመለክት ባክቴሪያ) ጨርሶ ሊገኝ አይገባም፤ የፍሎራይድ መጠን ደግሞ በሊትር ከ1.5 ሚሊ ግራም መብለጥ የለበትም። መፍትሔውም እንደ ችግሩ ይለያያል፦ ውኃን ማፍላት ባክቴሪያን ይገድላል፣ ፍሎራይድን ግን አያስወግድም፤ እንዲያውም ውኃው በተነነ ቁጥር የቀረው ውስጥ ያለው ፍሎራይድ ይጠናል። ይህን ሳትለዩ «አፍልታችሁ ጠጡ» ብትሉ ጉዳት አድርሳችኋል። አንድ ጊዜ ንጹሕ ሆኖ የተገኘ ምንጭም ሁልጊዜ ንጹሕ ነው ማለት እንዳልሆነ፣ በተለይ ከዝናብ በኋላ፣ አስረዱ።

ደረጃ 9፦ ከጉብኝቱ በኋላ

በዚያው ቀን ምሽት ረዳቶቹን ሰብስባችሁ የተበላሸውን ብቻ መዝግቡ። የተሳካውን ማንም አይረሳውም። የተማሪዎቹን የግምት ወረቀት ቁጠሩ፤ ስንቱ «ክብደት ይወስነዋል» ብሎ እንደጀመረ እወቁ። ከሦስት ሳምንት በኋላ መምህሩ ያንኑ ጥያቄ በሌላ መልክ፣ ለምሳሌ «ዥዋዥዌ ላይ አንድ ሕፃንና አንድ ትልቅ ሰው ተራ በተራ ቢቀመጡ ማን ቶሎ ይመላለሳል?» ብሎ እንዲጠይቅላችሁ አድርጉ። «ጉብኝቱን ወደዳችሁት?» የሚለውን መጠይቅ ተዉት፤ ልጆች ለእንግዳ ምን እንደሚመለስ ያውቃሉ።

ከ14ቱ ከረጢቶች ስድስቱን፣ ከመመሪያ ወረቀቱ ጋር፣ ለመምህሩ ትታችሁ ሂዱ። በስድስተኛው ሳምንት ተመለሱና ከረጢቶቹን እንዲያሳዩአችሁ ጠይቁ። ክሩ ከተቋጠረና ዳዶው ከጎደለ ተጠቅመውበታል፤ የጎደለውን ተኩ፣ ቀጣዩንም ጥያቄ ከመምህሩ ጋር ምረጡ። ከረጢቶቹ እንዳሸጋችኋቸው ካሉ መምህሩን ሳትወቅሱ ምክንያቱን ጠይቁ። ብዙ ጊዜ ዕቃው የተቆለፈበት ቁም ሣጥን ቁልፍ ያለው ሌላ ሰው ዘንድ ነው፤ እንዲያ ከሆነ ከረጢቶቹ በመምህሩ ጠረጴዛ መሳቢያ ውስጥ እንዲቀመጡ ከርዕሰ መምህሩ ጋር በዚያው ሰዓት ተስማሙ።